ለአሚን የተተወ ቦታ

ባለፈው ዓርብ የሞተች እናቴን ድምፅ ከማላውቃት ሴትዮ አፍ ሰማሁ። እንዲህ ብዬ ስጀምር "አሮጊቷ ጃጀች" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ በሉ። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ዓይኔም ለመርፌ አይሆንም፣ ጆሮዬ ግን ገና የኮረዳ ጆሮ ነው። ነገሩ የሆነው ሱዳን አገር፣ ኦምዱርማን፣ ከትልቁ ሱክ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጎረቤታችን ለተወለደችላት ልጅ ስም በምታወጣበት ግቢ ነው። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣን ሳለ፣ ውሃ ሰማያዊ ቶብ የተከናነቡ አንዲት አሮጊት ሕፃኗን ታቅፈው ይመርቁ ጀመር። የወሎ ሰው ሲመርቅ መቼም ታውቃላችሁ፤ አንድ ቃል ይልና ዝም ይላል፤ የተቀመጠው ሰው አሚን የሚልበትን ቦታ ይተዋል። "ክፉ አይይሽ" አሉ፤ አሚን አልን። "ወጥተሽ ግቢ" አሉ፤ አሚን አልን። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳሉ። ሳል እንኳ አይባልም፣ ጉሮሮ መጥረግ ነው። "ከሰው አገር ብርድ፣ ከሰው አገር ምላስ..." ብለው ገና ሳይጨርሱ የእኔ አሚን ከሁሉም ቀድሞ ዱብ አለ።

"አንቺ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ሐፍላ ሊያመልጥሽ ነው?" አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት፤ አውቶቡሱን ማለቷ ነው። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያንን ጉሮሮ መጥረግ አውቀዋለሁ። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ፣ ከቃሉ ቀጥሎ ያለውን ዝምታም አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ዓርብ በመጣ ቁጥር ያንን ዝምታ በአሚን የምሞላው እኔ ነኝ። ያ ምርቃት የእናቴ ነው። ያለውም ሻንጣዬ ውስጥ፣ በአሮጌ የዘፈን ስልክ ላይ ነው።

ስለ ስልኩ ልንገራችሁ፤ የዛሬ ልጆች አታውቁትም። የዛሬው ስልክ እንደ ትሪ ሰፍቶ ሁሉን እሠራለሁ ይላል። ያኔ ግን ለዘፈን ተብሎ የተሠራ ስልክ ነበር። ከመዳፍ አይበልጥም፤ ጥቁር ሆኖ ዳር ዳሩ ቀይ ነው። በጎኑ ዘፈን ማስነሻ፣ ማቆሚያና ማሳለፊያ ቁልፎች አሉት፤ ጀርባው ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ። በጀርባው ካስተኛችሁት ይታፈናል፤ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ካቆማችሁት ግን ግቢው ሁሉ ይሰማል። መደወልም ይችላል፤ ግን ማን ይደውልበታል? ሒሳብ የሚሞላለት የተረፈው ሰው ነው። የሁለት ወር ደሞዜን ከፍዬ ስገዛው ማዳሜ "ለማን ልትደውዪበት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ለማንም" አልኳት። ያኔ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ባለ ፎቅ ቤት ነበር የምሠራው። የጆሮ ማዳመጫውን ነጭ ገመድ በጠርሃዬ፣ በራስ ሻሼ ሥር አሳልፌ፣ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ነጭ ጀለቢያ ስተኩስ እውላለሁ። ማዳሜ ሦስቴ ተጣርታ ስላልሰማኋት ጆሮዬ የታመመ መስሏት ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ተነሥታ ነበር። ደግ ሴት ነበረች፤ እኔም የታመምኩ መስዬ ጠብታ ታዞልኝ ተመለስኩ።

ዘፈን የሚጫነው ዴም፣ የእኛ አገር ሰው የሚበዛበት ሰፈር ነው። ሐፍላዎቹ ከሚቆሙበት ጥግ ዝቅ ብሎ፣ የጭማቂ ቤቱንና የልብስ ሰፊውን አልፎ፣ ከቁም ሣጥን የማይሰፋ ሱቅ ነበር። ሰውየው እናቱ የእኛ አገር ሰው፣ አባቱ ሱዳናዊ ነው፤ እዚያው ዴም ተወልዶ ስላደገ አማርኛው ግማሽ መንገድ ላይ ይደክመዋል። "የወሎ ትፈልጊያለሽ ወላ የሱዳን?" ይላል ሚሞሪ ካርዷን በጥፍሩ ይዞ። "ሁሉንም" ስትሉት "ኩሉ! ያላ፣ ሚያ ሚያ!" ብሎ ይጭናል። ዋጋው የአንድ ሳህን ፉል ነው። እኛ ታዲያ ፉሉንም ዘፈኑንም ስለምንፈልግ አንዳችን ብቻ ታስጭንና የቀረነው በብሉቱዝ እንቀዳለን። ሁለቱን ስልክ ራስ ለራስ አጋጥመን፣ እንዳይነቃነቅ ተጠንቅቀን፣ ዘፈኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እስኪያልፍ እንደ ታመመ ሰው ዙሪያውን እንቀመጣለን። ባለፈው ወር ዴም ሄጄ ነበር። ሱቁ በር የለውም። ሽቦው እንኳ ከግድግዳው ውስጥ ተመዞ ተወስዷል። የጭማቂ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሳለው ማንጎ ብቻ እንደ ድሮው ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

"እኛ" የምለው ዴም ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ዓርብ ዓርብ የምንገናኘውን ሴቶች ነው። ስድስት ነበርን፤ ሁላችንም የወሎ ልጆች፣ ሁላችንም የሰው ቤት ሠራተኞች። ሳምንቱን እያንዳንዳችን በየማዳማችን ቤት እናድርና ለዓርቧ ቀን ብቻ ብለን በጋራ ቤት ተከራይተናል። በሳምንት አንድ ቀን ለሚዋልበት ቤት ኪራይ መክፈል ሞኝነት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ስድስት ቀን በሰው ቤት ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ እግራችንን ዘርግተን እንተኛለን፣ ፀጉር እንሠራራለን፣ በገዛ ቋንቋችን እንጮኻለን። ከሁሉም የቀረበችኝ ፍንጭቷ ዘይነባ ናት። መንደሯ ከመንደሬ ገደል ማዶ ነው። በአንድ መኪና ተጭነን ወጣን፣ በአንድ ቀን ድንበር ተሻገርን፤ ከሻ ሲመጣና ፖሊስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሲለቅም በአንድ አልጋ ሥር ተደብቀናል። ለሰው ስናገር "እህቴ ናት" ነው የምለው። ዛሬም ኦምዱርማን ውስጥ አንድ ክፍል ነው የምንኖረው።

ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ የእናቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከደሴ ወዲያ ግማሽ ቀን በእግር በሚኬድበት መንደር ያለች፣ ስልክ ይዛ የማታውቅ ሴት ናት። ደብዳቤ እንላላካለን፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የሚጽፍላት ሌላ፣ የሚያነብላትም ሌላ። "እንደምን ከርመሻል፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር" የሚለው ቃል የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ድምፅዋ እየራቀኝ ሄደ። መልኳን አስታውሳለሁ፣ አነጋገሯን አስታውሳለሁ፤ ድምፅዋ ግን ልክ ሊመጣ ሲል ይጠፋል። ስለዚህ ዘይነባ ለዕረፍት አገር ልትገባ ስትነሣ ስልኩን ሰጠኋት። ዘፈኑ ሰበብ ነው፤ የገዛሁትም ለዚሁ ብዬ ነበር፤ ድምፅ ይቀዳል ስለተባለ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ "እማ፣ እኔ ነኝ፤ አለሁልሽ፤ ለአረፋ ልመጣ ነው" ብዬ ቀዳሁ። ኹሩጅ ቪዛዬን፣ የመውጫ ፈቃዴን፣ ማዳሜ ልታወጣልኝ ቃል ገብታለች። ለዘይነባ የመቅጃውን ቁልፍ አሳየኋት፣ ደግሜ አሳየኋት። "ድምፄን አሰሚያትና እሷ ስትናገር ይህችን ትጫኛለሽ" አልኳት። "ኸላስ፣ ገባኝ! ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?" አለችኝ።

ከአንድ ወር በላይ ቆይታ መጣች። ከስታለች፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ እኔም መንገዱ ነው አልኩ። ስልኩን ስጠይቃት "ባትሪው ሞቷል፣ ዓርብ ዴም አመጣልሻለሁ" አለች። ዓርብ ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ዘይነባ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቆመችውና ቁልፉን ተጫነች። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ መጣ። ከዚያ "ልጄ" የሚል የጎረነነ የአሮጊት ድምፅ። "ክፉ አይይሽ።" ዝም አለ። ክፍተቱ የተተወልኝ መሆኑን አውቄ፣ ሳላስበው አሚን አልኩ። "ወጥተሽ ግቢ።" አሚን። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ከሰው አገር ብርድ፣ ከሰው አገር ምላስ ይሰውርሽ።" አሚን። እናቴ እዚያ ማዶ ሆና አፌን እየጠበቀችኝ ነበር፤ እንዲያ ነው የተሰማኝ። መጨረሻ ላይ "አትቸኩዪ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮ መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ ሥራሽን ሥሪ፣ ከርሞ ትመጫለሽ" አለች። አለቀ። ቀና ስል ሴቶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። ለእኔ ደስታ ያለቀሱ መስሎኝ አንድ በአንድ ዞሬ አቀፍኳቸው። ዛሬ ያ ዙር ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ድምፁን አላወቅሽውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ምኑን ልወቀው? ስወጣ የጎልማሳ ሴት ድምፅ ነበር የተውኩት። "ድምፅዋ ጎርንኗል" ስላት ዘይነባ "ጥርሷ እኮ አልቋል! ስንት ዓመት እንደሆነ ረሳሽው?" አለች። የማውቀው ምርቃቱን ነው፤ ምርቃቱ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት ነው፤ የአገሩ እናት ሁሉ የሚለው መሆኑን በዚያች ሰዓት ማን ያስባል? አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። እናቴ መዲና ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ መዲና ያለኝ አባቴ ነው። "ልጄ"ም አትለኝም። እሷ ብቻ የምትጠራኝ፣ ሰው በሌለበት፣ ማታ ማታ ፀጉሬን ስትዳብስ የምትለኝ አንድ ስም ነበር። ደብዳቤ ላይ አይጻፍም፣ ሰው ፊት አይወጣም። ዕቃ ፊት ሆና አፍራ ይሆናል፣ ዘይነባም አጠገቧ ስለቆመች ይሆናል አልኩና ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ጨዋ ሴት ናት እናቴ።

ከርሞ ነዪ ስላለችኝ ኹሩጁን ተውኩት። በዓሉን ዴም አሳለፍኩ። ሱቁ ሄጄ ዘፈኖቹን ሁሉ አስጠፋሁ፤ ቦታ እንዳይሻሟት ብዬ። ሰውየው "ያ መዲና፣ ይሄ ድምፅ እኮ ምንም ቦታ አይዝ! ሐራም ነው ዘፈኑ!" ቢለኝም አልሰማሁትም። እንዲህ ሆኖ ለዘፈን የተሠራ ስልክ የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ተሸክሞ ቀረ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ብርጭቆው ውስጥ አቆመዋለሁ፤ እሷ ትላለች፣ እኔ አሚን እላለሁ፤ ሴቶቹም እየተቁለጨለጩ አሚን ይላሉ። ያኔ ያማረ ቶብ የሚሸጠው ኦምዱርማን ነበር፤ ዳሩ በሐር የተጠለፈ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ያለው ገዛሁላትና ወደ አገር ለሚገባ ሰው ሰጥታ እንድትልክልኝ ለዘይነባ ሰጠኋት። "ደርሷታል፣ ለበሰችው፣ አማረባት" ብላኛለች። እኔም የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለውን ቶብ ለብሳ በደጃችን ግራር ሥር ስታልፍ እያየኋት ስንት ሌሊት ተኝቻለሁ።

ስልኩ ከመጣ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ፤ የከርሞው አረፋ ገና ነው። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የጀሪፉ ቤት በር ተንኳኳ። ስከፍት አምስቱም ሴቶች፣ ጠርሃቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ዘይነባን አስቀድመው ቆመዋል። የእኛ ሰው ማለዳ ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሆነ አፉን ሳይከፍት ይታወቃል። መርዶ ነው። ስልክ ላይ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ ሆድ ሳይረጋ አይነገርም። "እናትሽ ባለፈው ሳምንት ሄደች" አለችኝ ዘይነባ። ማዳሜ ደንግጣ ከነሌሊት ልብሷ ወጣች፤ ወደ ዴም ወሰዱኝ፣ እንደ አገሩ ደንብ ቢካ፣ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ስልኩን አምጡልኝ ስል ዘይነባ "አሁን አትስሚው፣ ይብስብሻል" ብላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። አመሰገንኳት። አይ እኔ! እጇን ይዤ አመሰገንኳት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከተማው በጦርነት ተናወጠ፣ ሰው ተበተነ። ከስድስታችን አንዷ ካይሮ ናት፣ አንዷ አገሯ ገብታለች፣ ሁለቱ የት እንዳሉ አላህ ይወቅ። እኔና ዘይነባ በእግር፣ በረክሻ ባጃጅ፣ በአህያ ጋሪ እያልን ኦምዱርማን ደረስን። መንገድ ላይ የሚፈትሹት ልጆች የሰውን ስልክ ሁሉ ሲሰበስቡ የእኔን አገላብጠው አይተው ተሳሳቁና "ሐጃ፣ ይሄን ለሙዚየም አድርሺው" ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን ከንብረቴ ሁሉ የተረፈችኝ እሷ ናት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴን ይዤ ተሻገርኩ ብዬ ነው ያሰብኩት።

እንግዲህ ዓርብ ዕለት፣ ስም ማውጣቱ ካለቀ በኋላ፣ ሴቶቹ ወደ ምሳው ሲሉ እኔ ወደ አሮጊቷ ሄድኩ። ሐጃ ሐዋ ይባላሉ። ኦምዱርማን ሲኖሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

"ሐጃ፣ ስልክ ላይ መርቀው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ስልክ ላይ?" ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡ። "አዎ፣ አንድ ጊዜ። ድሮ ነው፣ ሰውነቴ ደህና በነበረ ጊዜ። አንዲት ልጅ ከዴም መጣች፤ ፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። ቀይ ቀይ ያለበት ስልክ ይዛ።"

ፍንጭቷ ዘይነባ ናት። "ምን አለችዎት?"

"የአገሬ ልጅ አለች፣ እናቷ ሞታባታለች፣ ገና አልነገርናትም አለችኝ። እስኪነገራት ልቧ እንዲጠነክር እንደ እናት ሆነው ይመርቁልኝ፣ ስም ግን አይጥሩ አለችኝ። ኧረ እኔ የሰው እናት እንዴት እሆናለሁ ብያት ነበር። አለቀሰችብኝ። ምን ላድርግ፣ መረቅኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዚያው በእናቴ ድምፅ ጠየቁኝ። "ለመሆኑ ያቺን ልጅ ነገሯት?"

"ነግረዋታል ሐጃ" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ" አሉና ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እሳቸው ላይ ቂም የለኝም። የተጠየቁትን ያደረጉ ሴት ናቸው።

ቤት ስገባ ዘይነባ አንገረቡ፣ የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጣ ባሚያ ትከትፋለች። ጠርሃዬን ሳላወልቅ ፊቷ ቆምኩ።

"ሐጃ ሐዋን አገኘኋት" አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። "የቷን ሐዋ?"

"ድልድዩን ተሻግረሽ እናቴን ያደረግሻትን።"

ባሚያውን ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠች። ቶሎ ብላ አልካደችም፤ ለዚህ እንኳ አመሰግናታለሁ። "መዲ፣ ወላሂ እኔ ስደርስ አርባዋ ወጥቶ ነበር" አለች። "እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ማዳምሽ ልጇን እየዳረች፣ ቤቱ በዘፈን እየተናጠ፣ መርዶ ሰርግ ቤት ይነገራል? ሴቶቹ ተሰብስበን ሰርጉ ይለፍ አልን። አንቺ ደግሞ ስልኩን ስልኩን አልሽ።"

"እሺ፣ ሰርጉ አለፈ።"

"ረመዳን ገባ።"

"ረመዳንም አለፈ ዘይነባ! ሁለት ረመዳን አለፈ!"

"ከዚያማ ደስ ብሎሽ አየንሽ" አለች አንገቷን ደፍታ። "ዓርብ ዓርብ ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ አቁመሽ አሚን ስትዪ... ማን ደፍሮ ይንገርሽ?"

"'አትቸኩዪ፣ ዘንድሮ አትምጪ' ያስባልሻትስ? እሱም ለእኔ ብለሽ ነው?"

ውጭ ረክሻ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ከዚያ ፊቷን በጠርሃዋ ሸፍና፣ "ብትሄጂ አትመለሺም ነበር" አለች። "ሐዘን ላይ ዘመድ ይይዝሻል፣ ትቀሪያለሽ። እኔ እዚህ አገር ካላንቺ ማን አለኝ?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይቅር ልላት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። መርዶ መደበቅ የእኛ ደንብ ነው፤ ሰው ለሰው አዝኖ ያደርገዋል፣ በእኔ ቦታ ሌላ ብትሆን እኔም ከሸሸጉት ጋር እሸሽግ ይሆናል። ይሄ ግን ሌላ ነው። እኔን ለማስቀረት የእናቴን አፍ ተዋሰች። አርባዋ ብቻ ነው ያመለጠኝ፤ ያኔ ብሄድ ልብሷ ገና ጠረኗ ሳይለቀው እደርስ ነበር፤ አጠገቧ የነበሩት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ስሜን ጠርታ እንደሆነ የሚነግረኝ አይጠፋም ነበር። እስከ ዛሬ መቃብሯን አላየሁም። ለሞተች ሴት ቶብ መረጥኩ። አምስት ሴቶች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ እያወቁ፣ ከእኔ ጋር አሚን አሉ። ዓለም ላይ እምነት የምጥልበት ቤት ቢኖር ያቺ የዴም ክፍል ነበረች።

"ቶቡን ማን ለበሰው?" አልኳት።

"አክስትሽ" አለች። "ድምፅሽን ግን አሰምቻታለሁ መዲ። ለአረፋ እመጣለሁ ያልሽውን። መቃብሯ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኩን ከፍቼ አሰማኋት። በአላህ እምላለሁ።"

አድርጋው ይሆናል። እንድታደርገው እፈልጋለሁ። ነገር ግን አፏን ማመን ከዓርብ ወዲህ አልሆነልኝም፤ በዚያው አፍ ነው "ቶቡ አማረባት" ያለችኝ።

ስልኩን ከሻንጣው አወጣሁ። ብርጭቆ አልፈለግኩም፤ አንገረቡ ላይ ጣል አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩት። ዶሮዋ ጮኸች። የኦምዱርማን ዶሮ ናት ለካ። "ክፉ አይይሽ" አሉ ሐጃ ሐዋ፤ ቦታውን ተዉልኝ። አፌን ገጠምኩ። ዘይነባ ከለመደው አፏ "አሚ..." ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ምርቃቱ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ዝምታዎቹ ባዶአቸውን አለፉ።

"እናቴን ታውቂያታለሽ አይደል?" አልኳት ሲያልቅ። "ቤታችን ገብተሽ እርጎ ጠጥተሻል። ማን ብላ ነበር የምትጠራኝ?"

"መዲና... መዲዬ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ታዲያ ማን ነው? ንገሪኝ" አለች፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። "ንገሪኝ መዲዬ፣ እኔ እጠራሻለሁ። ሰው ሳይጠራሽ እንዳትቀሪ።"

አልነገርኳትም። ለእናንተም አልነግራችሁም፤ ሰፊ ወሬ ሳወራችሁ ቆይቼ እዚህ ላይ ስሰስት አትቀየሙኝ። ይህን ስም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ የለችም። ለሌላ ሰው ከሰጠሁት ደግሞ ማን በማን አፍ እንደሚያስጠራው አላውቅም። ባሚያውን አንሥቼ የቀረውን ከተፍኩ፣ ራት ሠራሁ፣ አንድ ትሪ ላይ በላን፤ የት ልሂድ? እሷስ የት ትሂድ? በላን፣ ሰገድን፣ ተኛን። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያንን ስም በልቤ ጠራሁት፤ እናቴ ፀጉሬን እየዳበሰች እንደምትለው፣ ቀስ አድርጌ። መጣ ስሙ፣ አልጠፋኝም። የጠራኝ ግን የሐጃ ሐዋ ድምፅ ነው።